ከሐረጎ በላይ ብርድ ልብስ፣ ከሐረጎ በታች አጎበር

በደሴና በኮምቦልቻ መካከለኛ ሆቴሎች ማን ያድራል? ማንስ ይከፍላል?

ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣው አውቶቡስ ደሴ መናኸሪያ ሲገባ፣ ተሳፋሪው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «አልጋ ይዘዋል?» የሚል ጥያቄ ይቀበለዋል። ጠያቂው ሻንጣ ተሸካሚም ነው፣ ደላላም ነው፤ ካስፈለገ ባጃጅ ይጠራል። «ሻወር ያለው፣ ሙቅ ውሃ ያለው፣ የሁለት ደቂቃ መንገድ» ይላል። የሙቅ ውሃው ነገር ሲደረስ ይታያል። ሁለት ደቂቃው ግን በደሴ ዳገት ላይ፣ ሻንጣ ለያዘና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለዋለ ሰው ከአሥር አያንስም።

የሚወስደው ቤት አገር የሚያውቀው ዓይነት ነው። መንገድ ዳር የቆመ አራት ወይም አምስት ፎቅ፤ ከታች ካፌና የባንክ ቅርንጫፍ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት፣ ከዚያ በላይ መኝታ፣ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ሲገኝ የሚቀጠል ፌሮ። ክፍሉ ውስጥ ሰፋ ያለ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማ፣ ትራሱ ላይ የታጠፈ ፎጣ፣ በፎጣው ላይ ትንሽ ሳሙናና ሶፍት። ከአልቤርጎ ከፍ፣ ከባለኮከቡ ዝቅ ያለ ቤት ነው። የቱሪስት መጻሕፍት ደሴን ወደ ላሊበላ ሲኬድ የሚታደርባት ከተማ ብለው በአንድ አንቀጽ ያልፏታል። ኮምቦልቻ ያን ያህል እንኳ አይደርሳትም። ስለዚህ ስለነዚህ ክፍሎች የሚጽፍ የለም፤ የሚያድርባቸው ግን ሞልቷል።

የእንግዳ መዝገቡን ቢያገላብጡ «ለመዝናናት» የሚል ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አንዱን መንገድ አሳድሮታል፤ አንዱን መሥሪያ ቤቱ ልኮታል፤ ሌላውን ሕመም፣ ሌላውን ገበያ አምጥቶታል። በገዛ ፈቃዱና በገዛ ገንዘቡ የሚያድረው ጥቂት ነው። የክፍሉ ዋጋም፣ ስፋቱም፣ የሳሙናዋ ትንሽነት ሳይቀር የተቆረጠው በዚህ እንግዳ ልክ ነው።

መንገድ የወለደው አልጋ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከሚሴንና ሐርቡን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይደርሳል። የሕዝብ አውቶቡስ በሌሊት እንዳይጓዝ ተከልክሎ በኖረባቸው ዓመታት፣ ወደ መቀሌ የሚሄድ ሰው አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ማደሩ ግድ ነበር። ሾፌሩ የቆመበት ከተማ አልጋ ይሸጣል። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ በዚህ ሌሊት ሲሻሙ ኖረዋል።

ይህ እንግዳ ክፍል አይመርጥም። በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት አለበት፤ የሚፈልገው አራት አምስት ሰዓት የሚተኛበትን ቦታና በሰዓቱ በር አንኳኩቶ የሚቀሰቅሰውን ጥበቃ ነው። በዚህ ምክንያት መናኸሪያ አጠገብ ያለው ደካማ ክፍል፣ ፒያሳ ካለው የተሻለ ክፍል ቀድሞ ያልቃል። የሆቴል ባለቤቶችም ይህን ስለሚያውቁ ከመናኸሪያው አጠገብ ቀለም ለመቀባት አይቸኩሉም።

ደሴ እንግዳ ማሳደር የጀመረችው ግን አውቶቡስ ሳይታሰብ ነው። ከተማዋ ራሷ ከጦር ሰፈር ነው የተነሣችው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታይቷቸው በደስታ ስሟን እንዳወጡላት ይነገራል። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ መናገሻቸው አደረጓት፤ ግብር የሚበላበትን አይጠየፍ አዳራሽንም አሠሩባት። ግብሩ የሞላ፣ ማደሪያው የጎደለ ከተማ ሆና እስከ ጣልያን ወረራ ቆየች። በኅዳር 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ለመምራት ደሴ ሲወርዱ የውጭ ጋዜጠኞች ተከትለዋቸው መጡ፤ ለነሱ የሚሆን ሆቴል አልነበረም። ብዙዎቹ በአድቬንቲስት ሚሲዮን ግቢ ድንኳን ተክለው አደሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የሚሲዮኑ ሆስፒታልም አልተረፈም።

ጣልያን በበኩሉ መንገድ ሠራ፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ ከሁሉ ይልቅ የኮምቦልቻን ዕጣ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሾፌር ማደሪያ ናት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ሚሌ ድረስ ያለው መንገድ ግን ያው በመሆኑ ሾፌሩ ማደሪያውን አልቀየረም።

«ብርድ ልብስ ልጨምርልዎ?»

በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ያለው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋለች፤ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ ተዘርግታለች። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ተሳፋሪው ጃኬቱን ያወልቃል፤ ሲመለስ መስኮት ይዘጋል። በክረምት ሐረጎ አናት ላይ ጉሙ መንገዱን ስለሚሸፍነው ሾፌሩ ቀን በመብራት ይነዳል።

ሆቴሉም እንደ አየሩ ነው። ደሴ ላይ ቁልፍ የምትሰጠው ልጅ «ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ልጨምርልዎ?» ትላለች። ኮምቦልቻ ላይ ያለችው «ቬንትሌተሩ ይሠራል፣ አጎበሩን ግን ሳይመሽ ያውርዱት» ትላለች። ደሴ ያለ ክፍል መስኮቱ ጠባብ፣ መጋረጃው ወፍራም ነው። ኮምቦልቻ ያለው መስኮት ወንፊት ተለጥፎበታል፣ ወለሉም ያለ ምንጣፍ ነው፤ በባዶ እግር መሄድ ያስመኛል።

የልዩነቱን ልክ ከሁሉ የምታውቀው አልጋ የምታነጥፈው ሴት ናት። ኮምቦልቻ ላይ ጧት የታጠበ አንሶላ ከምሳ በፊት ደርቆ ይታጠፋል። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ሰገነቱ ላይ የተሰጣ አንሶላ ጉም ጠጥቶ ይውላል፤ ዝናብ መጣ ሲባል ይሰበሰባል፣ ትንሽ ሲገልጥ ተመልሶ ይሰጣል። ማታ እንግዳ ሲመጣ ያልደረቀውን በካውያ እየጠበሱ የሚያነጥፉበት ቀን አለ። አልጋው ውስጥ ሲገቡ የሚሰማዎት ያ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ቆሻሻ አይደለም፤ የደሴ ክረምት ነው። ብልህ ባለቤት ለአንድ አልጋ ሦስት ቅያሪ አንሶላ ይገዛል። ቆጣቢው ሁለት ገዝቶ ሴትዮዋን ያባትላል።

*የደሴ እንግዳ ቴሌቪዥኑ ስንት ጣቢያ እንዳለው አይጠይቅም። «ውሃ አለ?» ይላል።*

ውሃ ደሴ ላይ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሆቴልን ሆቴል የሚያሰኘው ጣሪያው ላይ የተደረደረው ሮቶ ነው። ባለሁለት ሮቶ ቤት መንገደኛ ያሳድራል፤ ባለስድስቱ ሥልጠና ያስተናግዳል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ የዘመናዊው ሻወር ሳጥን ቢኖርም፣ ውሃ የተሞላ ባልዲና ጆግ ተቀምጦ ይገኛል። ይህ የሆቴሉ ሐቀኝነት ነው ብዬ እወስደዋለሁ፤ ባልዲ የሌለበት ቤት ወይ በጣም ጥሩ ነው ወይ በጣም ይዋሻል።

በ2007 እ.ኤ.አ. በማሌዥያዋ ኳላ ላምፑር የተከፈተው ቱን ሆቴል የአልጋውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ፎጣውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ለብቻ በማስከፈል ስም አወጣ። ነገሩ እንደ አዲስ ጥበብ ተወራለት። በኛ አገር ግን «ሻወር ያለው» እና «የጋራ ሻወር» የሚባለው የዋጋ ልዩነት ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ልዩነቱ የኛው ሆቴል የከፈሉበትን ነገር ሁልጊዜ ማቅረብ አለመቻሉ ነው። ቦይለሩ አለ፣ መብራት የለም። መብራት አለ፣ ውሃው አልመጣም። ሁለቱም አሉ፣ ቦይለሩ ግን እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚነግርዎት የለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ራስዎ ላይ ከወረደ በኋላ «አብሽር፣ ትንሽ ቢጠብቁ ይሞቅ ነበር» ይባላሉ።

አበልና ደረሰኝ

ከሰኞ እስከ ዓርብ እነዚህን ሆቴሎች የሚያቆማቸው ሥልጠና ነው። የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ደሴ በመሆኗ ከወረዳዎቹ የሚጠራው ባለሙያ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርት ሥልጠና ሲኖር የአዳራሹ በር ላይ ባነር ይሰቀላል፤ በሻይ ሰዓት ኮሪደሩ በብስኩትና በሻይ ሽታ ይሞላል።

ሠልጣኙ ግን ሁልጊዜ አዳራሹ ባለበት ሆቴል አያድርም። በመንግሥት አሠራር ውሎ አበሉ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና አልጋ እየተባለ በመቶኛ ተሰልቶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተረፈው የራሱ ነው። ደመወዙ ወር ለማይደርስለት የወረዳ ባለሙያ ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም፤ የልጅ ደብተር ነው፣ የቤት ኪራይ ማሟያ ነው። ስለዚህ ቀን በጥሩው ሆቴል አዳራሽ ይሠለጥናል፣ ማታ ከጓደኛው ጋር ሁለት አልጋ ያለው ርካሽ ክፍል ይዞ ሒሳቡን ይካፈላል። «ትዊን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። የሆቴል ሰዎች ይህን እንግዳ ከሩቅ ይለዩታል፤ ፋይል በእጁ፣ ጫማው አቧራ የነካው፣ ከሁሉ በፊት ዋጋ የሚጠይቅ።

ሌላኛው እንግዳ ፕሮጀክት የሚልከው ነው። ይህኛው የሚከፈለው በደረሰኝ ነው፤ የተረፈውን አይወስድም፣ ስለዚህ ለመቆጠብ ምክንያት የለውም። የሚጠይቀውም ሌላ ነው፦ የማሽን ደረሰኝ አለ ወይ፣ ቫት ተካቷል ወይ፣ ቁርስ በውስጡ ነው ወይ። እንግዲህ አንዱ ሆቴል ለሁለት የተለያየ ሰው አንድ ክፍል ይሸጣል። ለአንዱ በጣም ውድ ነው፤ ለሌላው ቢጨመርም ግድ አይሰጠውም። የዋጋ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ዋጋው ቆጣሪው ላይ እንደ አዲስ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የፈረንጅ ዋጋ የሚባል ሦስተኛም አለ፤ ፈረንጁ ግን በነዚህ ቤቶች ብርቅ ስለሆነ ለዲያስፖራው ተርፏል።

ደረሰኝ ላይ ያለው ጨዋታ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማያነሣው ነው። ከተከፈለው በላይ ተጽፎ እንዲሰጠው የሚጠይቅ እንግዳ አለ። ካሸሯ እምቢ ብትል ነገ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ እሺ ብትል ያልገባ ገንዘብ ላይ ቫት ይቆጠርባታል። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀንሷል የሚሉ አሉ። ማሽኑ ሲበላሽና በእጅ የሚጻፈው ደረሰኝ ሲወጣ ግን የእንግዳው ፊት ይፈካል ይላሉ፣ ባንኮኒው ጀርባ የዋሉ ሰዎች።

አስታማሚ

ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የሚታከመው ከደቡብ ወሎ ብቻ አይመጣም፤ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋርም ይመጣል። በሽተኛው ቢተኛ አስታማሚው ውጪ ነው። መጀመሪያ ቀን ሻወር ያለው ክፍል ይይዛል። ሐኪሙ «ውጤቱ ከሦስት ቀን በኋላ» ሲለው የጋራ ሻወር ወዳለው ይወርዳል፤ ከዚያ ዘመድ የሚያውቀው ዘመድ ይፈለጋል። ይህን መውረድ ያዩ ባለቤቶች ዋጋ የሚቀንሱለት ብዙ ናቸው፤ «የታመመ ሰው ገንዘብ በረከት የለውም» ይላሉ። ይህን ቅናሽ የትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አያገኙትም፣ አስታማሚ ግን ሰው ጠይቆ ይደርስበታል።

ሁለት ወጥ ቤት

ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ እናት ልጆች መካከል ይኖራል። ሥጋው ግን ይለያል። ይህ ለሆቴል ባለቤት የሒሳብ ጥያቄ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ብቻ ቢያቀርብ ከባቲ የመጣውን ነጋዴ ያጣል፤ የሙስሊም ብቻ ቢያቀርብና ቢራ ቢተው ሌላውን። ትልቁ ቤት ሁለት ወጥ ቤት ከፍሎ ድስቱንም ቢላዋውንም ይለያል። ትንሹ ቤት ምግብ ቤቱን ትቶ በረንዳ ላይ ቡናና ቁርስ ብቻ ይይዛል፤ እራት የሚፈልገውን እንግዳ «ያቺ ማዶ ያለችው የሙስሊም ናት፣ ይቺኛዋ የክርስቲያን» ብሎ ያሳየዋል። ዓርብና ረቡዕ ደግሞ ጾም አለ፤ ረመዳን ሲገባ ቁርስ የሚዘጋጀው ለጥቂት ሰው ሲሆን ማታ ማፍጠሪያ ላይ ግን ወንበር አይገኝም።

ክፍል ውስጥም ይኸው ጥንቃቄ ይታያል። ከጠየቁ ሰጋጃ ያመጡልዎታል፤ የትኛው አቅጣጫ ቂብላ እንደሆነ ጥበቃው በጣቱ ያሳያል። በሩ ጀርባ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል፦ ጫት መቃምና ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ከወረቀቱ ሥር የጫት ገረባ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

የኮምቦልቻ ሌሊት ፈረቃ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ የብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ፣ ከዚያም በፊት ከ2007 ጀምሮ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር መሥመር በቱርክ ተቋራጭ ሲሠራ፣ ከተማዋ ያልለመደችውን እንግዳ አየች። ወር ሁለት ወር የሚቆይ ቴክኒሽያን፣ ማሽን ሊተክል የመጣ የውጭ መሐንዲስ፣ የኩባንያ አስተርጓሚ። ይህ እንግዳ በቀን አይከፍልም፤ በወር ይደራደራል። ልብስ ማጠቢያ ይጠይቃል፤ የማታ ፈረቃ ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ ኮሪደር ላይ ድምፅ እንዳይኖር ይፈልጋል። ባለቤቶቹ በዚያ ተስፋ ፎቅ ጨመሩ። ባቡሩ ግን እንደተጠበቀው መንገደኛ ማመላለስ አልጀመረም፤ በ2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትታገድ የፓርኩም ሞቅታ ቀዘቀዘ። የተጨመረው ፎቅ ለሰርግ እንግዳ ተረፈ።

ያልተለወጠው ሾፌሩ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሆቴል የሚመርጠው በአልጋው አይደለም፤ «መኪናዬን የት አቆማለሁ?» ይላል። ተሳቢውን የሚያስገባ ግቢና የማይተኛ ጥበቃ ያለው ቤት፣ ክፍሉ ምንም ቢሆን ይሞላል። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ጋቢና ውስጥ ያድራል፣ ጎማና ናፍጣ ይጠብቃል።

*«ለኔ ሆቴል ማለት ግቢው ነው። አልጋማ የትም አለ።» የመስመሩ ሾፌሮች አባባል*

ፍራሽ ያጣች ከተማ

በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎና ከራያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ገንዘብ የነበረው ሆቴል ያዘ፤ በአንድ ክፍል ሙሉ ቤተሰብ አደረ። በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ ሲለቀቁ ብዙ ሆቴሎች ተዘርፈው ተገኙ። ቴሌቪዥኑና ፍራሹ፣ አንሶላውና የወጥ ቤቱ ዕቃ፣ ጀነሬተሩም ጭምር ሄዶ ነበር። ቦይለር ከግድግዳ የተነቀለበት ቤት ነበር፤ ቧንቧው ተንጠልጥሎ ቀርቶ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ ሥራ የጀመሩበት ቅደም ተከተል ስለዚህ ንግድ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ፍራሽ ገዙ፤ ያውም ለአንደኛው ፎቅ ብቻ። ቀጥሎ ሮቶ። ቴሌቪዥን መጨረሻ መጣ፣ አንዳንዱ ክፍል እስካሁን ማንጠልጠያ ብረቱ ብቻ አለው። ብድር ለመክፈል የተሰላው ገቢ ከመንገደኛ የሚመጣ ነበርና፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ሒሳቡ ይናጋል። መንገድ ሲዘጋ ሁለት ነገር በአንዴ ይሆናል፦ የሚመጣው ይቀራል፣ የገባው መውጣት ያቅተዋል። ሳይወድ ሦስተኛ ሌሊቱን የሚያድር እንግዳ ዋጋ ይከራከራል፤ መከራከሩም ተገቢ ነው፤ ባለቤቱም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ባዶ ክፍል ከዚያ ይብሳል።

ከመያዝዎ በፊት

የት ልደር ለሚል መንገደኛ፣ የነገውን አቅጣጫ አይቶ ይወስን። ነገ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ፣ ጧት አየር ማረፊያ የሚሄድ ወይም ፋብሪካ ጉዳይ ያለው ኮምቦልቻ ይደር። ወደ ሐይቅ፣ ወልድያና ላሊበላ የሚቀጥል፣ ሆስፒታልና ዞን መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ደሴ ይደር። ብርድ የማይችል ሰው ደሴ ውሎ ኮምቦልቻ ወርዶ ማደር ይችላል፤ ብዙ ነጋዴ እንዲያ ያደርጋል፤ ግን ሚኒባሱ ከመሸ ሐረጎን መውረድ ስለማይወድ ከ11 ሰዓት በፊት መነሣት ነው።

ክፍሉን ሳያዩ አይክፈሉ። ቧንቧውን ይክፈቱ፤ የቦይለሩ መብራት መብራቱን ይዩ፤ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ትተው በጓሮ በኩል ያለውን ይጠይቁ፤ መኪናው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጥሩንባ መንፋት ይጀምራልና። ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ «ማታ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቋት። «ሁልጊዜ» ካለችዎ ሻማ ይግዙ። «እስከ አራት ሰዓት» ካለችዎ ክፍሉን ይያዙ።